ጣት ወይስ ጆሮ?
(ከአንድ የክረምት የቫዮሊን ትምህርት የተነሣ ጥያቄ)

«ስሕተት» የምንለው ነገር ምንድን ነው? ጥያቄው ለፍልስፍና መምህራን ብቻ የሚተው ይመስላል። ዳሩ ግን መምህር በክፍሉ፣ ካድሬ በስብሰባው፣ የኪነት ቡድን መሪ በልምምድ አዳራሹ በየቀኑ «ይህ ትክክል ነው፤ ያ ስሕተት ነው» እያለ ይፈርዳል። የሚፈርድ ሰው ሁሉ ፍርዱ በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመ ቢጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። ይህን ጥያቄ እንደ አዲስ እንዳነሣው ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም፤ በቂርቆስ አካባቢ በአንዲት አነስተኛ አዳራሽ ውስጥ የተሰጠ የክረምት የቫዮሊን ትምህርት ነው።

ነገሩ የሆነው የካዛንቺስ ሰፈር ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ አብዛኛውን ዘመናቸውን ቫዮሊን በማስተማር ያሳለፉ አንድ መምህር በሐምሌ ወር ዐሥር ያህል ወጣቶችን ሰብስበው ለዐሥራ አምስት ቀናት አስተማሩ። ትምህርቱ በሙዚቃ ሰዎች ዘንድ «ማስተር ክላስ» የሚባለው ዐይነት ነበር። በዚህ ዐይነቱ ትምህርት መምህሩና ተማሪው በር ዘግተው አይገናኙም። አንዱ ተማሪ ከፊት ቆሞ ይጫወታል፤ ሌሎቹ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ መምህሩ ያስቆማሉ፣ ያርማሉ፣ እንደ ገና ያስጀምራሉ። ምስጋናውም ነቀፌታውም በሁሉ ፊት ነው። መስማት የፈለገ እንግዳም ከኋላ ወንበር ይዞ መቀመጥ ይችላል። እኔም ከእንግዶቹ አንዱ ነበርሁ።

ክረምት ለቫዮሊን የተመቸ ወቅት አይደለም። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ ክሮቹ የሚወጠሩባቸው ቁልፎች አልዞር ይላሉ፤ የደጋኑ የፈረስ ጭራ ይረዝምና ይላላል። ከአዳራሹ ጥቂት ራቅ ብለው በነበሩት የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶችም ችግሩ ያው ነበር፤ የማሲንቆው ቆዳ በእርጥበት ሲረግብ አዝማሪው ከሰል ዳር ይዞ ያሞቀው ነበር። ሆኖም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነውና ጊዜ የሚገኘው ያኔ ነው። በአውሮፓም ቢሆን ይህ ዐይነቱ ትምህርት ከዕረፍት ወራት ጋር አብሮ ያደገ ነው። ፍራንዝ ሊስት ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ወደ ቫይማር እየተመለሰ ወጣት የፒያኖ ተጫዋቾችን ያለ ክፍያ በጉባኤ ያስተምር ነበር። በቫዮሊን በኩል ደግሞ በሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶሪ ለግማሽ ምእት ዓመት ያህል ያስተማረው ሌዎፖልድ አወር፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት የበጋውን ወራት በድሬስደን አጠገብ በሎሽቪትስ ሲያሳልፍ ተማሪዎቹን እዚያ ይሰበስብ ነበር።

እኛም ዘንድ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ቤት የጐደለውን፣ ምሥጢር የራቀውን እያነሡ ያርማሉ፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ጓደኞቹም የእርሱን እርማት የራሳቸው ያደርጉታል። «ማስተር ክላስ» የሚለውን ስም ከመስማታችን በፊት ግብሩን እናውቀው ነበር።

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ከተማሪዎቹ መካከል የካዛንቺስ ተወላጅ የሆነች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙ ያላለፈ አንዲት ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት የተጫወተችው በጀማሪዎች ዘንድ የታወቀውን የቪቫልዲን በላ ሚኖር የተደረሰ ኮንቼርቶ ነው። መምህሩ ከአንዲት ድምፅ ላይ ሲደርሱ አስቆሟት።

«ዝቅ ብላለች።»

ልጅቱ ደገመችው። አሁንም ዝቅ አለ።

«ቫዮሊኑን አውርጂውና በአፍሽ በይው» አሏት።

በሰው ፊት መዝፈን አሳፍሯት ጥቂት አመነታች። ከዚያ በለሆሳስ ዘፈነችው። በአፏ ያለችው ድምፅ በትክክል ቦታው ላይ ዐረፈ። መምህሩ ፈገግ ብለው፣ «አየሽ፣ ጆሮሽ ያውቃል፤ የዋሸሽ ጣትሽ ነው» አሏት። እንደ ገና ስትጫወተው ጣቷ ጆሮዋን ተከተለ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተደረጉት በርካታ እርማቶች አንዱ ሆኖ አለፈ።

በሁለተኛው ሳምንት ግን መምህሩ እያንዳንዱ ተማሪ የፈለገውን ይዞ እንዲመጣ አዘዙ። ልጅቱ በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚሄድ ዜማ ይዛ ቀረበች። አንድ ወጣት በፒያኖ ያጅባት ነበር። ገና አራተኛው ሐረግ ላይ ስትደርስ መምህሩ እጃቸውን አነሡ። «ዝቅ ብሏል» አሉ። የፒያኖው ወጣትም ለማረጋገጥ ያህል ቁልፉን አንድ ጊዜ መታው፤ በእርግጥም አልገጠመም። ደገመችው፤ አሁንም አልገጠመም።

«በአፍሽ በይው።»

ዘፈነችው። ይህን ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። በአፏ ያለችው ድምፅ በቫዮሊኑ ካወጣችው ጋር አንድ ሆነ፤ ከፒያኖው ጋር ግን አሁንም ተለያየ። መምህሩ ዝም አሉ። እንደ ገና አስጫወቷት፤ እንደ ገና አስዘፈኗት። ድምፁ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ መምህሩ በመጨረሻ፣ «ስሕተት ያልሁት እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ይኸ የጣት አይደለም፤ አውቀሽ ያደረግሽው ነው። ያንቺ ነውና ጠብቂው።»

አንባቢ ሆይ! ይህን ሁለተኛ ክንውን ከመጀመሪያው ጋር አስተያየው። ለዐይን የሚታየው ነገር በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ተማሪዋ መምህሩ ከጠበቁት ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣች። ሰነፍ አራሚ ሁለቱንም በአንድ ቀይ ቀለም ይሠርዛቸው ነበር። ልዩነቱን ያወጣው «በአፍሽ በይው» የሚለው ቀላል ፈተና ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ጆሮ አንድ ነገር ፈለገ፤ ጣት ሌላ ሠራ። በሁለተኛው ጊዜ ጣት የሠራው ጆሮ የፈለገውን ነው። እንግዲያስ ስሕተት ማለት ከተሰጠ ልክ መለየት አይደለም፤ ከራስ ፈቃድ መለየት ነው ማለት ይቻላልን? መልሱ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ባቆምሁት ነበር።

አስቀድሞ «ልክ» ስለሚባለው ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፒያኖን እንደ ሕግ መጽሐፍ፣ ሌላውን መሣሪያ ሁሉ እንደ ተከሳሽ ያየዋል። ነገር ግን ቫዮሊን ራሱ የሚቃኘው በፒያኖ ልክ አይደለም። የቫዮሊን አራት ክሮች ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚቃኙት በ3 ለ2 ምጣኔ ነው፤ ይኸውም ከፍ ያለው ክር 3 ጊዜ በሚርገበገብበት ጊዜ ዝቅ ያለው 2 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ርቀት ለጆሮ እጅግ ንጹሕ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ርቀት 12 ጊዜ ብንደራርበው ከ7 ኦክታቭ በጥቂቱ አልፎ ይሄዳል። ፒያኖ ቃኚ ይህችን ትርፍ ለ12ቱ አካፍሎ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያጠብባቸዋል። ስለዚህ በፒያኖ ላይ ከኦክታቭ በቀር ፍጹም ንጹሕ የሆነ ርቀት አይገኝም። ፒያኖ ሁሉን ለማስማማት ሲባል ሁሉን በጥቂቱ የበደለ መሣሪያ ነው፤ ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ስምምነቱ የሰጠንን ሙዚቃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብቻ ስምምነት ስምምነት መሆኑ አይረሳ። የኦርኬስትራ ተጫዋቾች የሚቃኙበት «ላ» በሰከንድ 440 ንዝረት እንዲሆን የተወሰነው እንኳ በ1939 እ.ኤ.አ. በለንደን በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ከተማ «ላ» የሚለው በሌላው ከተማ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ነበር።

ማሲንቆ በዚህ ስምምነት ውስጥ አልገባም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ደጋን፣ ቆዳ የተለበጠ ገበታ ነው። አዝማሪው ክሩን ከአንገቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም፤ ጣቱን ከጎን አስጠግቶ በስሱ ይነካዋል። ጣቱ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት ምልክት የለም። በዚህ ረገድ ማሲንቆና ቫዮሊን የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የድምፅ ልክ የሚኖረው በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በተጫዋቹ ጆሮ ውስጥ ነው። ጊታር የሚጫወት ሰው ከአንገቱ ላይ የተሰደሩት ብረቶች በከፊል ይፈርዱለታል። ቫዮሊን የሚጫወት ግን በእያንዳንዷ ድምፅ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ተከራካሪ ነው። ሌላም ነገር አለ። አዝማሪ ሲጫወት ይዘፍናል፤ አፉና ጣቱ አንዱን ዜማ አብረው ይይዙታል። መምህሩ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ፈተና ያቀረቡት «በአፍሽ በይው» በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች በየሌሊቱ ሳይቋረጥ የሚደረግ ነገር ነበር። ልጅቱ ያደገችው ከዚህ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም በማግሥቱ ከዚያው አዳራሽ ውስጥ ተነሣ። የልጅቱ ነገር ያደፋፈረው አንድ ወጣት ትዝታ ይዞ ቀረበ። ጣቱ ይቅበዘበዝ ነበር። መምህሩ ሲያስቆሙት ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይኸም እኮ የእኛ ነው፤ እኛ እንዲህ ነው የምንጫወተው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። መምህሩም አብረው ሳቁና «በል ዝፈነው» አሉት። ዘፈነው፤ ከቫዮሊኑ ጋር አልገጠመም። ሁለተኛ ዘፈነው፤ ከመጀመሪያው አልገጠመም። «የእኛ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ቦታ አንድ በሆነ ነበር» አሉት። ወጣቱ ዐንገቱን ደፋ፤ ግን አልተቀየመም። በማግሥቱ ማልዶ መጥቶ ሲለማመድ አግኝቸዋለሁ።

ይህ ወጣት የተናገረው በቀልድ ይሁን እንጂ በሥራችን ሁሉ በቁም ነገር የሚነገር ነው። ያልሠራነውን ሥራ፣ ያልተለማመድነውን ልምምድ «ባህላችን ነው» በሚል መጋረጃ ስንሸፍን ታይቷል። ሸራ ላይ ያለ ዕቅድ የፈሰሰ ቀለም «አገራዊ ስልት»፣ ያልታረመ ድርሰት «የሕዝብ አነጋገር» ይባላል። ባህልን እንዲህ የስንፍና መጠለያ ማድረግ ባህሉን ከሚንቁት ሰዎች የባሰ ንቀት ይመስለኛል፤ የሚንቀው ቢያንስ አላውቀውም ይላል። ደግሞም በተቃራኒው ደንብን መጠለያ ያደረገ መምህር አለ። እርሱም ከመስማት ይልቅ መፍረድ ይቀለዋል። ሁለቱ ሲጣሉ ብናይም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም አያዳምጡም።

እንግዲህ ደጋግሞ እዚያው ቦታ ላይ ማረፍ የምርጫ ምልክት ነው ካልን፣ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ስሕተቱን የለመደ ሰውስ? ለሃያ ዓመት ያንኑ ድምፅ ሳያዛንፍ እያጐደለ የሚጫወት፣ ሲዘፍነውም የሚያጐድል ሰው አለ። ጣቱና ጆሮው ተስማምተዋል፤ የተስማሙት ግን በጥፋት ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ጆሮ ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ይህን ሳስብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የሰፈሩ ስም ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያንኛ እንደ ሆነ ይታወቃል። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን በራሱ ጆሮ ሰምቶ፣ በራሱ አንደበት አስተካክሎ ካዛንቺስ አለው። አንድ የሮማ ሰው መጥቶ «ተሳስታችኋል፤ አጠራሩ እንዲህ አይደለም» ቢለን እንስቅበታለን። ለምን? በትውልድ ላይ ትውልድ፣ የታክሲ ረዳቱም ባለሱቁም ሕፃኑም አንድ ዐይነት አድርገው የሚጠሩት ስም ነውና። የመጀመሪያው ሰው ያን ስም ሲል ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። ዛሬ ግን ስሕተት አይደለም። ልጅቱ በአንቺ ሆዬ ውስጥ ያዘነበለቻት ድምፅም ምስክሮቿ እነዚህን መሰል ናቸው። እርሷ ብቻዋን የፈጠረቻት አይደለችም፤ ብዙ ሌሊት ብዙ ጆሮ ሰምቶ ያጸደቃት ናት።

«እንግዲያው ምስክር የሌለው አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ሁሉ ተሳስቷል ማለት ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ በ1967 እ.ኤ.አ. «ኮቱሬዥያ» የተባለውን ድርሰታቸውን ለዋሽንት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓናዊው ኮቶ ሲጽፉ፣ እነዚህ መሣሪያዎች አብረው ሲሰሙ ልማድ ያደረገ ሕዝብ አስቀድሞ አልነበረም። ለእንዲህ ያለው ሥራ ምስክሩ ገና አልተወለደም። እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፦ ምስክር ያልተገኘለት ሥራ ሠሪ ከሌላው ሰው ይልቅ ለሥራው መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ ሲጠየቅ ያንኑ ደግሞ መሥራት፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ በሥራው ማሳየት አለበት። ከዚህ የቀረውን የሚፈርደው ጊዜ ነው። የዐሥራ አምስት ቀን ትምህርት ለዚህ ፍርድ አይበቃም፤ መምህርም እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ቶሎ ባይፈርድ መልካም ነው።

በአፍ የማስባል ብልሃት የዚያ መምህር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቫዮሊኒስት አይዛክ ስተርን በ1979 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር ወደ ቻይና ሄዶ ነበር። የባህል አብዮት ከሚባለው ዘመን በኋላ የምዕራቡ ሙዚቃ ገና ተመልሶ መሰማት በጀመረበት ጊዜ በቤጂንግና በሻንጋይ ወጣቶችን በብዙ ተመልካች ፊት አስተማረ። ጉዞውን የሚያሳየው ፊልም ኋላ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ፊልም ውስጥ አንዲት ጣቷ የቀለጠፈ ተማሪ ትጫወታለች፤ ስተርን ግን ያስቆማትና ዜማውን እንድትዘፍነው ይጠይቃታል። ከዘፈነችው በኋላ ስትጫወተው ሌላ ሰው ትመስላለች። ስተርን የቻይናን ዜማ አያውቅም፤ ልጅቱ የተጫወተችው ግን የአውሮፓን ነበር። በካዛንቺስ አቅራቢያ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው፤ መምህሩ የሚያውቁትና ተማሪዋ የምታውቀው ሁለት ልዩ ልዩ ልክ ነበረና።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ብናገር አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ልጅ ሳለሁ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ቫዮሊን ተምሬ ነበር። መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው። መምህራችን ድምፅ ባጐደልሁ ቍጥር በደጋኑ እንጨት ጣቴን ይመቱኝ ነበር። የትኛው ድምፅ እንደ ጐደለ፣ በምን ያህል እንደ ጐደለ አልነገሩኝም፤ እንድዘፍነው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። ጣቴ ከመውረዱ በፊት ፍርሃቱ ይወርድ ነበር፤ የሚፈራ ጣት ደግሞ ቦታውን ከቶ አያገኝም። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መሣሪያውን መለስሁ። የሚቆጨኝ መመታቴ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ያልተመታ ተማሪ የለም። የሚቆጨኝ ከመታኝ በደጋን የተነሣ ጆሮዬ ምን ያውቅ እንደ ነበር ሳላውቅ መቅረቴ ነው። ተሳስቼ ይሆናል፤ በእርግጥም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ግን ከስሕተቶቼ መካከል ስሕተት ያልሆነ አንድ እንኳ ነበረ ይሆን? ይህን ሊመሰክርልኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም አልሰሙኝም።

የቅዱስ ያሬድ ገድል የሚተርከው ታሪክ በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ሕፃኑ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ አጐቱ ጌዴዎን ቢቀጡት ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ እንደ ገና ስትሞክር በመጨረሻም ስትወጣ አየ። ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚያወጣው የጽናትን ትምህርት ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ትሏን «ተሳሳትሽ» ያላት ማንም አልነበረም። መውደቋን ያወቀችው በራሷ ነው።

ጥሩ መምህር ተማሪውን ወደዚህ ያደርሰዋል፤ መውደቁን በራሱ ያውቅ ዘንድ። አወር ያስተማራቸው ኤልማን፣ ዚምባሊስትና ሃይፌትዝ በአንድ እጅ ተቀርጸው ሳለ ድምፃቸው አለመመሳሰሉ የሚደንቀው ለዚህ ነው። ከእኛም ወገን ምሳሌ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊትዘርላንድ ተልከው በዚያ ቫዮሊን ተማሩ። ከጣሊያን ወረራና ከእስር በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረዋል፤ በቀን ለብዙ ሰዓት ቫዮሊንና ፒያኖ ይለማመዱ እንደ ነበር ተናግረዋል። ኮንቶሮቪችም ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። እማሆይ ግን ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም መነኑ፤ ለዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ዓለም ያወቃቸው በፒያኖ ነው።

ይህን ከጉዳያችን ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? ፒያኖ በድምፅና በድምፅ መካከል ክፍተት የማይሰጥ መሣሪያ መሆኑን ከላይ አይተናል። የእማሆይን ድርሰት የሚሰማ ሰው ግን ቁልፎቹ ሊያወጡት የማይችሉትን ነገር የሰማ ይመስለዋል። ድምፁን ማዘንበል ስለማይቻል፣ ጊዜውን ያዘነብሉታል፤ አንዲቱን ድምፅ አዘግይተው፣ ሌላይቱን በጥቃቅን ድምፆች ከበው ያመጧታል። በጎንደር የያሬድን ዜማ ማጥናታቸውም በዚህ ውስጥ ይሰማኛል። ጣታቸው ቫዮሊንን ተወ፤ የቫዮሊን ጆሮ ግን ወደ ሌላ መሣሪያ ተሻግሮ ሥራውን ቀጠለ። ጣት ያስተማረ መምህር ሥራው ከመሣሪያው ጋር ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል።

የዚያ የሐምሌ ትምህርት መምህር ስሕተታቸውን በተማሪ ፊት ማመናቸውን ያልወደዱ ሰዎች ነበሩ። ከእንግዶቹ አንዱ በሻይ ሰዓት፣ «መምህር እንዲህ ካለ ማን ይሰማዋል? ይኸው ነገ ሁሉም የእኔ ነው ይላል» አለኝ። በማግሥቱ ያ ወጣት «የእኛ ነው» ሲል ይህ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ተመለከተኝ። ነገሩ ከባድ ነው፤ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የመምህር ክብር ሲጐድል የሚጐዳው ተማሪው ነው። ነገር ግን እርሳቸው ቃላቸውን ያነሡት በአንዷ ተማሪ ላይ ከፈረዱት ፍርድ እንጂ ከፈተናው አይደለም። ወጣቱን የመለሱት በዚያው ልጅቱን ባጸደቁበት ፈተና ነው። ልምድ ያለው መምህር ስንል ብዙ ደንብ የሚያውቀውን ማለታችን ከሆነ መጽሐፍ ይበቃናል። ደንቡ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ግን በመጽሐፍ አይገኝም፤ ያን ዕለት ባየሁት ዝምታ ውስጥ የነበረው እርሱ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ አብዛኛው ክፍሉ በኮሪደር ልማት ፈረሰ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማእከልነት ያሳደገው ፈንድቃም ከነበረበት ቦታ ተነሣ። ከተማ እንደሚፈርስና እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ የኢንቺስ ቤቶችም በጊዜያቸው በሌላ ነገር ቦታ የተተከሉ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ የግንቡ ነገር አይደለም። የዚያች ድምፅ ምስክሮች በአንድ ሰፈር ተሰብስበው ይገኙ ነበር፤ አሁን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ነገ አንዲት ልጅ ያችኑ ድምፅ ስትጫወት «ዝቅ ብሏል» የሚል መምህር ቢያጋጥማት፣ እርሷም ስትዘፍን በትክክል ብትዘፍነው፣ «አዎን፣ እንዲህ ነበር» የሚላት ጆሮ ከየት ይገኛል? በቴፕ የተቀዳ አለ፤ ጥሩ ነው። ቴፕ ግን የሚሰማውን ይናገራል እንጂ ለተማሪ አይመልስም።

በትምህርቱ የመጨረሻ ቀን ተማሪዎቹ ሁሉ የተማሩትን ለተጋበዙ ሰዎች አቀረቡ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ወረደ፤ የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበርና ቫዮሊኑ ጨርሶ አልሰማ አለ። ልጅቱ መሣሪያዋን በክንዷ አቅፋ፣ ደጋኗን ወደ ታች ዘቅዝቃ ቆማ ጠበቀች። ዝናቡ ሲያባራ የተላላውን የደጋኑን ጭራ ወጠረች፤ ክሮቹን አንድ በአንድ ቃኘችና አንቺ ሆዬን ጀመረች። መምህሩ ከኋላ፣ ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ወደዚያች ድምፅ ስትደርስ እርሳቸውን አየሁ፤ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ራሳቸውን አልነቀነቁም። ፒያኖ የሚያጅባት ወጣት ግን ልክ በዚያች ቅጽበት ሁለቱንም እጆቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ፤ ድምፅዋ እስክታልፍ ድረስ በአየር ላይ ይዟቸው ቆየ፤ ካለፈች በኋላ መልሶ ገባ።